ሰቦቃ ጠጠር ያለበሰው አቀበት

ከየካ ጀርባ ተነስቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣ አንድ የጠጠር መንገድ አለ። መኪና አይደፍረውም፤ እግረኛም ብዙ አይሄድበትም። ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች በባሕር ዛፉ መካከል እያቃሰቱ ሲወጡ ይታያሉ። አንዳንዴ ደግሞ እንደኔ ያለ ጎልማሳ፣ ከመንዳት ይልቅ ብስክሌቱን እየገፋ፣ በዝግታ ይከተላቸዋል።

አቀበቱ ሰውን ትንፋሽ አሳጥቶ አይተወውም። ጥቂት ካስቸገረ በኋላ አንድ አልጋ የሚያስዘረጋ ደልዳላ ቦታ ይሰጣል፤ ከዚያ እንደገና ይወጣል፤ እንደገና ደልዳላ። ብስክሌተኞቹ እዚያ ወርደው ውሃ ይጠጣሉ። ደልዳሎቹን ቆጥሬአቸዋለሁ፤ ሰባት ናቸው። ተራራ በራሱ እንዲህ አይደለደልም፤ ታችኛው ጠርዛቸው በድንጋይ የተካበ ነው። ማን እንደካበው ለብዙ ዓመት ሳልጠይቅ ኖርኩ። የነገሩኝ በመንገዱ ግርጌ የሚኖሩት ወይዘሮ አባይነሽ ናቸው። የካበው ሰቦቃ የቅድመ አያታቸው አባት ነው። ታሪኩ በቤታቸው ሲነገር የኖረው ሰቦቃ ራሱ ለልጆቹ በነገረው መሠረት ነው፤ ጥፋቱንም ሳይሸሽግ።

ሰቦቃ በቀበና ወንዝ ማዶ ገብስና ባቄላ የሚያርስ ገበሬ ነበር። በቤቱ ኦሮምኛ፣ በቤተ ክርስቲያን አማርኛ ይናገር ነበር። በዚያ ዘመን በተራራው ላይ ባሕር ዛፍ የሚባል የለም፤ እዚህም እዚያም ከቀረ ጽድ በቀር ተዳፋቱ ራቁቱን ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ከላይ ከጉብታው አናት፣ መንደሩ ደግሞ ከታች። መካከላቸው ክረምት በመጣ ቁጥር እንደ ቅቤ የሚያዳልጥ ቀይ አፈር ነው።

ይህ አቀበት ለሙታንም መንገድ ነበር። ክርስቲያን ሲሞት አስከሬኑ ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ ያርፋል። ቃሬዛው በተቀመጠ ቁጥር ካህኑ ከፍትሐቱ አንድ ክፍል ያነባል፤ ሰዉ ያለቅሳል፤ ከዚያ አንስተው ይሄዳሉ። ቃሬዛውን አራት ሰዎች ይሸከሙታል፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ከፊት በቀኝ የሚሆነው ሰው መሪ ነው። ትከሻ ሲደክም እሱ "ትከሻ!" ብሎ ይጠራል፤ አራቱም በአንድ ጊዜ ይለውጣሉ። ሳይጠራ የሚለውጥ የለም። በቀበና ማዶ ይህን ሲጠራ የኖረው ጎበና ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ በሠርግ ላይ የማይታይ በቀብር ላይ የማይቀር ሰው። ለእሱ ሙታንን መሸከም ክብሩ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ክብር አልነበረውም፤ አልፈለገምም።

በ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ የሰቦቃ እናት ኢፍቱ ሞተች። ዝናቡ ለሦስት ቀን አላባራም ነበር። ቃሬዛው ሲነሳ ሰቦቃ ጋቢውን አጥፎ ትከሻው ላይ አደረገና ከፊት በግራ በኩል ቆመ። ሐዘንተኛ የራሱን ሰው አስከሬን አይሸከምም፤ ልማዱ እንዲያ ነው።

"አንተ አልቅስ" አለው ጎበና። "የሚሸከም ሞልቷል።"

"ተወኝ አያ ጎበና። ዘጠኝ ወር የተሸከመችኝን ለአንድ ቀን ልሸከማት።"

"ዓይንህ እንባ ሞልቶ መንገዱን በምን ልታየው ነው?"

"እናቴ ናት አልኩህ!"

ጎበና ሰው ፊት ሊከራከረው አልወደደም። ቃሬዛውን አንስተው ሄዱ።

ሦስቱን ማረፊያ በደህና አለፉ። ወደ አራተኛው ሲወጡ መንገዱ ቀና ብሎ ይቆማል። የሰቦቃ ትከሻ ነደደ። ጎበና አልጠራም፤ አቀበቱን ሳይጨርስ መጥራት አደገኛ መሆኑን ያውቃልና። ሰቦቃ ግን አልቻለም። ሳይጠራ እንጨቱን ከቀኝ ወደ ግራ ትከሻው አዛወረ፤ በዚያው ቅጽበት እግሩ አዳለጠው። ክብደቱ በሙሉ ወደ ጎበና ዞረ። ጎበና ሸክሙን ሊይዝ ሲል በጉልበቱ ወደቀ፤ ቃሬዛውም በእሱ በኩል ተገለበጠ። ኢፍቱ ከነተገነዘችበት ሰሌን ተንከባልላ ጭቃው ላይ ተኛች።

ሰዉ ቀና ሲል ያየው ጎበናን ነው፤ ተንበርክኮ፣ እጁ ጭቃ ውስጥ ገብቶ። ሰቦቃ ቆሞ ነበር።

"ጎበና ጣላት!" አለች አንዲት ሴት።

ሰቦቃ ሰማ። አፉን ከፈተ፤ ለቅሶ እንጂ ቃል አልወጣውም። ጎበናም ወደ እሱ አየና ምንም አላለ። በእናት ቀብር ላይ ከልጅ ጋር "አንተ ነህ፣ እኔ ነኝ" ይባላል? አስከሬኑን አነሱ፤ ከዚያ በላይ ሊያስቀምጡ ስላልደፈሩ በአንድ ትንፋሽ ቤተ ክርስቲያን አደረሱት። የቀረው ፍትሐት በቅጥሩ ውስጥ ተነበበ።

በሚቀጥለው ቀብር ጎበና እንደ ወትሮው ጋቢውን አጥፎ መጣ። አንድ ሽማግሌ በደግነት "ዛሬ እንኳን አንተ ዕረፍ" አሉት። በሦስተኛው ቀብር የተናገረው ሰው የለም፤ እንጨቱን ሌሎች ቀድመው ያዙት። ጎበና ከኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ ባዶ ትከሻውን ይዞ ሄደ። "ጉልበቱ ከዳው" ይሉ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ወደ ቀብር መምጣቱን ቀነሰ።

ሰቦቃ በመስከረም ለነፍስ አባቱ ለመምሬ ሠረቀብርሃን ተናዘዘ። መምሬ ድምፃቸው የሰለለ፣ ጉልበታቸው የደከመ አረጋዊ ነበሩ። ሰምተው ሲጨርሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

"መንገዱ ክፉ ነው" አሉ። "መንገዱን ሥራው። ቃሬዛ የሚያርፍባቸውን ሰባቱንም ቦታ ደልድላቸው። ይህ የእጅህ ቀኖና ነው።"

"እሺ መምሬ።"

"የአፍህ ደግሞ አለ። ሰባተኛው ከማለቁ በፊት ለጎበና በሰው ፊት እውነቱን ትናገራለህ። በሰው ፊት ስሙ ጠፍቷልና ጓዳ ገብተህ ብታንሾካሹክለት አይበቃውም። እኔ አልናገርልህም፤ አልችልምም።"

ሰቦቃ እጁን ለሥራ ሰጠ። አዝመራው ሲሰበሰብ ጀመረ። ተዳፋቱን በዶማ እየቆረጠ ያስገባል፤ በታች በኩል ድንጋይ ይክባል፤ ውስጡን በትልልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ በደቃቁ ይሞላዋል። ከላይ የሚያለብሰውን ጠጠር ከቀበና ወንዝ ዳር በስልቻ ተሸክሞ ያመጣል፤ ውሃ ያጠበው ጠጠር ጭቃ አይይዝምና። ሲጨርስ በሬዎቹን ወዲያ ወዲህ እየነዳ ያስረግጠዋል። በመጨረሻ አንድ ቅል ውሃ እስከ አፉ ሞልቶ መካከሉ ላይ ያስቀምጣል። አንዲት ጠብታ ከፈሰሰች ጠጠሩን አንስቶ እንደገና ይደለድላል። ከቅሉ ውሃ ካልፈሰሰ ቃሬዛም አያጋድልበትም ማለት ነው።

መንደሩ መጀመሪያ ሳቀበት። ጎረቤቱ በዳዳ በሄደ በመጣ ቁጥር ይቆምና፣

"ሰቦቃ፣ ማንን ልትሸኝበት ነው? ለኔ ከሆነ ሰፋ አድርገው፤ ሆዴን ታውቀዋለህ" ይለዋል።

"ለሁላችንም ነው።"

"አይ፣ እኔ አልቸኩልም። ቀስ ብለህ ሥራ!"

የጎበና ሚስት ሸዋረጋ ግን አልሳቀችም። አራተኛውን፣ ያንን የወደቁበትን ቦታ ሲሠራ እንስራዋን አውርዳ ፊቱ ቆመች።

"ባሌ የወደቀባትን ቦታ በጠጠር አስጊጠህ ልታሳየን ነው? የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ 'ጎበና እዚህ ጋ ወደቀ' እንዲል?"

ሰቦቃ ዶማውን ተደግፎ ቀና አለ። በዙሪያው ሦስት ሰዎች ነበሩ። እውነቱን የሚናገርበት ጊዜ ያ ነበር።

"ለዚያ አይደለም፣ እትዬ ሸዋረጋ" አለ።

"ታዲያ ለምን ነው? ተናገራ! አፍህን ጠጠር ሞላው?"

እንስራዋን አንስታ ሄደች። ሰቦቃ እስኪመሽ ቆፈረ።

አንድ ቀን ሊነግረው ቆርጦ ወደ ጎበና ቤት ወረደ። ቢያንስ ለእሱ ልንገረው፣ በሰው ፊት መናገሩ ይከተላል ብሎ። ጎበና ከደጁ ተቀምጦ ገመድ ይገምድ ነበር።

"ምን ፈለግህ ሰቦቃ?"

"ዶማዬ... ዶማዬ ዶልዱሞ ነው።"

ጎበና ገብቶ የራሱን ዶማ አወጣለት። "ይኼ ይሻላል። ከራስህ ጋር አቆየው፤ ለኔ አሁን የሚያስቸኩል ቁፋሮ የለኝም።"

ሰቦቃ አምስተኛውን ማረፊያ በጎበና ዶማ ቆፈረ። ያን ጊዜ የበላው እህል ሁሉ አመድ አመድ ይለኝ ነበር ብሎ ለልጆቹ ተናግሯል።

መምሬ በዚያ ባለፉ ቁጥር ደልዳላው ላይ አረፍ ይላሉ። "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እግሬ አመሰገነህ" ይሉታል። ስድስተኛው ያለቀ ቀን ግን በመቋሚያቸው ጠጠሩን እየነካኩ፣

"እጅህ ስድስት ሠራ። አፍህስ ስንት ሠራ?" አሉት።

"አልቻልኩም መምሬ።"

"ትችላለህ። እኔ እስክሞት ግን አትጠብቅ።"

ሰባተኛውን ሳይጀምር ተወው። ከሠራው ቀኖናው ያልቃል፤ ካለቀ መናገር ግድ ነው። በመካከሉ በ፲፰፻፹፩ ከብት የጨረሰው በሽታ ወደ ሸዋ ገባ። የሰቦቃ ሁለት በሬዎች በአንድ ሳምንት ወደቁ፤ የጎበናም እንዲሁ። በየደጁ ቀንበር ያለ ሥራ ተጋድሞ ቀረ። ሰዉ እየከሳ፣ ቀብሩም እየበዛ ሄደ። ያን ጊዜ ማንም በደልዳሎቹ አልሳቀም፤ ጉልበት የሌላቸው ሰዎች ሬሳቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያሳረፉ አደረሱ። በሰባተኛው ቦታ ብቻ ሳያሳርፉ፣ ቃሬዛውን እንደያዙ ተንገዳግደው ያልፋሉ። "ሰቦቃ ይቺን ለምን ተዋት?" ይባባላሉ። "በሬ አልቆበት ይሆናል፤ በምን ያስረግጣት?"

በሰኔ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግሥት፣ መምሬ ሠረቀብርሃን አረፉ።

ሰቦቃ ሲሰማ መደብ ላይ ተቀመጠ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እያለ ለልጆቹ የተናገረው ይህንን ነው፤ መጀመሪያ የተሰማው ሐዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። የሚያውቅ ሰው የለም። "አፍህስ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰባተኛውንም ነገ ሠርቶ ዝም ማለት ይችላል። ይህንን ሲያስብ ሰውነቱ በረደው።

ሚስቱ ዲንቄ ጋቢውን ይዛ መጣች። "ተነሳ እንጂ፣ ቃሬዛው ወጥቷል። ለመሸከም አንተን እየጠበቁ ነው።"

"ዲንቄ፣ የእናቴን ቃሬዛ የጣልኩት እኔ ነኝ።"

ቆማ አየችው። ከዚያ ጋቢውን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ?" አለች። "ስሜ ጠፍቶ ከኋላ የሄድኩት እኔ ነኝ?"

በዚያ ዓመት በደብሩ የቀሩት ካህናት ጥቂትና የደከሙ ስለነበሩ መምሬን የተሸከሙት ገበሬዎች ናቸው። ከፊት በቀኝ በዳዳ፣ በግራ ሰቦቃ። ፍትሐቱን የሚያነቡት ወጣቱ ቄስ ገብረማርያም ነበሩ። ጎበናም መጥቷል፤ መምሬ ክርስትና ያነሱት ሰው ነውና መቅረት አልሆነለትም። ከኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሄዳል።

ስድስቱ ማረፊያዎች በሥርዓቱ ታለፉ። ቃሬዛው ተቀመጠ፣ ተነበበ፣ ተለቀሰ፣ ተነሳ። በዳዳ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ "ትከሻ!" ሲል ለወጡ። ሰባተኛው ቦታ ሲደርሱ ከእግራቸው ሥር እርጥብ ቀይ ተዳፋት ብቻ ነበር።

"እንለፈው" አለ በዳዳ።

"ቁሙ" አለ ሰቦቃ።

"ምን ሆንክ? እዚህ ላይ ይቆማል?"

"ቁሙ አልኩ! መምሬን ሳናሳርፋቸው አናልፍም። የሚያርፉበት ቦታ የጠፋው በኔ ነው። በሬ አልቆብኝ አይደለም፤ ጠጠርም አላጣሁም።"

ሰዉ ከኋላ እየተገፋፋ ተሰበሰበ። ሰቦቃ ትከሻው ከእንጨቱ ሥር ስለነበረ ዞር ማለት አልቻለም፤ ፊቱን ወደ ተራራው እንዳደረገ ጮክ ብሎ ተናገረ።

"አያ ጎበና አልወደቀም! ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እናቴን ስንሸከም ሳይጠራ ትከሻ የለወጥኩት እኔ ነኝ። ያዳለጠኝም እኔን ነው። እሱ የኔን ሸክም ጨምሮ ሊይዝ ሲል በጉልበቱ ሄደ። እኔ ቆሜ አየሁት፤ ስሙ ሲጠፋ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። መምሬ ተናገር ብለውኝ ነበር። አሁን የምናገረው እሳቸውን ፈርቼ አይደለም፤ ይኸው እሳቸው ሞተዋል።"

ዝናቡ ያካፋል። ቄስ ገብረማርያም መጽሐፉን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"ሁለት ዓመት!" የሚል የሴት ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ሸዋረጋ ነበረች። "ሁለት ዓመት ሙሉ በዶማችን እየቆፈርክ! ዓይንህን አያሳፍረውም?"

"ያሳፍረዋል እትዬ" አለ ሰቦቃ።

ጎበና በሰዉ መካከል እየቀደመ መጣ። ሰቦቃ የእግሩን ድምፅ በጭቃው ላይ ሰማ፤ አጠገቡ ሲደርስ ቆመ።

"ለመምሬ ነግረሃቸው ነበር?"

"ያን ጊዜውኑ፣ በመስከረም።"

ጎበና ወደ ቃሬዛው ተመለከተ። "ቤቴ ሲመጡ ምንም ሳይሉ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኝ ነበር" አለ። "እርጅና ነው እል ነበር።"

ከዚያ ጋቢውን አውርዶ አጠፈው። አራት እጥፍ፣ እንደ ድሮው። በዳዳ ሳይጠየቅ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንጨቱን ለቀቀለት።

"ና፣ ቦታህን ያዝ። እኔ ለሆዴም ትከሻ አልተረፈኝም" አለ በዳዳ። በዚያ ሐዘን መካከል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

"ሰቦቃ" አለ ጎበና እንጨቱ ትከሻው ላይ ሲያርፍ። "ዛሬ ይቅር ብያለሁ ብልህ ውሸት ነው። አንጀቴ ገና አልሰማም።"

"ይገባኛል።"

"ሰው ይዘን ግን አንጣላም። ከጎኔ ቁም። ሳልጠራ—"

"ሳትጠራ አልለውጥም።"

"አባት፣ ያንብቡ" አለ ጎበና። "እኛ ይዘን እንቆማለን።"

ቄስ ገብረማርያም ሰባተኛውን ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ አላሳጠሩም። አራቱ ሰዎች በዚያ ተዳፋት ላይ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው፣ መምሬን በትከሻቸው ይዘው ቆሙ። የማንም እግር አልተነቃነቀም። ንባቡ ሲያልቅ የሁለት ዓመት ዝምታውን የሰበረ የጎበና ድምፅ ወጣ።

"ትከሻ!"

አራቱም ለወጡ።

ክረምቱ ሲወጣ ሰቦቃ ሰባተኛውን ጀመረ። ዶማውን ወስዶ ለጎበና መለሰለት፤ በማግሥቱ ጎበና ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተዳፋቱ ላይ ተገኘ። ብዙ አልተነጋገሩም። በሬ ስላልነበረ ጠጠሩን ሁለቱ በእግራቸው ረገጡት። ሸዋረጋ የሰቦቃን ሰላምታ እስከ ጥምቀት ድረስ አልመለሰችም። አንድ ጠዋት ግን ከወንዝ ስትመለስ ቅርጫት ሙሉ ጠጠር ተሸክማ መጣች፤ አንድም ቃል ሳትናገር ደፋችውና ወረደች። በርሃብ ዘመን አንድ ቅርጫት ጠጠር ያን ያህል አቀበት ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሰቦቃ ያውቅ ነበር።

ያለቀ ቀን ቅሉን ሞልተው መካከሉ ላይ አስቀመጡት። ጎበና ቁጢጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው።

"አልፈሰሰም" አለ።

ቄስ ገብረማርያም መጥተው እዚያው ቆመው ጸለዩ። የመምሬን ስም ጠሩ፤ ቀጥለው በሰቦቃ ልመና የእናቱን የክርስትና ስም፣ ወለተ ሚካኤልን ጠሩ።

ክፉው ዘመን አለፈ። ሰቦቃ ዳግመኛ በሬ ገዛ፤ ልጆች አሳደገ፤ ክረምት በወጣ ቁጥር ስልቻውን ይዞ ጎርፍ የወሰደውን ጠጠር ይተካ ነበር። አሁን የሚተኩት የልጅ ልጆቹ ልጆች ናቸው። እኔም ይህን ካወቅሁ ወዲህ በዚያ ስወጣ ከብስክሌቴ የምወርደው ደክሞኝ ብቻ አይደለም፤ እግሬን ላሳረፈልኝ ሰው "ነፍስ ይማር" ልል ነው።

ሰቦቃ በሞተ ጊዜ ጎበና በሕይወት ነበር። በጣም አርጅቶ ስለነበር ከኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደ፤ በዕድሜው እንጂ በሐሜት አልነበረም። ከፊት የነበሩት ጎረምሶች የሰቦቃን ቃሬዛ ከፍ አድርገው ይዘው አቀበቱን ወጡ። ትከሻቸው ሲደክም ግን ለመለወጥ አልተጣደፉም። ከኋላ የሚመጣውን የሽማግሌ ድምፅ ይጠብቁ ነበር፤ ሰባቱም ማረፊያ እስኪያልፍ ድረስ የጠራው ጎበና ነው።